ዋርካው ሥር የተቀመጠው ድንጋይ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ወልድያ ላይ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ አለው። ባጃጅ ውስጥ ስገባ፣ ፀጉሬን ስስተካከል፣ ለቅሶ ቤት ስቀመጥ ይጠይቁኛል። «ኢንጂነር፣ መሐንዲስነቱና ፓርላማው የቱ ይሻላል?» ቀድሞ ፈገግ ብዬ አልፈው ነበር። አሁን አላልፈውም። መሐንዲስ ሳለሁ የተሳሳትኩ እንደሆነ ክረምቱ ይነግረኝ ነበር፤ ፓርላማ ስገባ ክረምቱንም «በሂደት ላይ ነው» የሚሉ ሰዎች ገጠሙኝ እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። እኔ ግን እየቀለድኩ አይደለም።

አንዳንዱ ደግሞ በጎን እያየኝ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይላል። ንዴቴን ሲያይ ቤት ሳልሠራ፣ መኪና ሳልገዛ በመውጣቴ የተቃጠልኩ ይመስለዋል። እግዜር ያሳያችሁ! ደመወዜን ልጆቼን አሳድጌበታለሁ፤ ጡረታዬም ለእኔና ለባለቤቴ ይበቃል። የሚያናድደኝ አንድ ድልድይ ነው። ታሪኩን ሌላ ሰው አሳምሮ ሳያወራው እኔው ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ።

የተወለድኩት ሀብሩ ውስጥ፣ ከመርሳ ወደ ውርጌሳ ሲኬድ ከአውራ ጎዳናው በስተምሥራቅ ባለች መንደር ነው። በመንደሯና በጎዳናው መካከል አንድ ወንዝ አለ። እኛ ደረቅ ወንዝ እንለዋለን፤ በጋውን ሙሉ አሸዋና ድንጋይ ብቻ ስለሆነ ነው። ፍየል ይተኛበታል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል፣ ማንጎ የጫነ አህያ ሰኮናውን ሳያረጥብ ይሻገረዋል። ሐምሌ ሲገባ ግን ተራራው ላይ የዘነበ ዝናብ መንደር ሳያውቅ ይደርሳል። እንግዲህ ያን ጊዜ ማዶ ያለ ማዶ ነው፤ እወዲህ ያለም እወዲህ። ሐኪም ቤቱ፣ ገበያውና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ሁሉም በጎዳናው በኩል ናቸው።

ተምሬ መሐንዲስ ስሆን የተመደብኩት ወልድያ ነው። የመጀመሪያው አለቃዬ ከቢሮ መውጣት የሚጠሉ፣ ጫማቸው ሁልጊዜ የሚያብረቀርቅ ሰው ነበሩ። ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው በእርሳስ የመስኖ ቦይ ይሰምራሉ። አንድ ቀን ሐራ አካባቢ የሰመሩትን ቦይ ልለካ ሄጄ ተመለስኩና «ጌታዬ፣ በዚህ መስመር ውሃው ሽቅብ መሄድ ሊኖርበት ነው» አልኳቸው። ካርታውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ «በሚቀጥለው በጀት ዓመት እናየዋለን» አሉኝ። በሚቀጥለው በጀት ዓመት ውሃ ሽቅብ መሄድ ይጀምር ይሆናል ብለው ነው መሰለኝ። የሚገርመው እኒህ ሰው ከዓመታት በኋላ ትልቅ ቦታ ደርሰው አገኘኋቸው፤ ጫማቸው አሁንም ያብረቀርቅ ነበር።

ሥራ ያስተማሩኝ ሌላ ሰው ናቸው። ጋሽ ምትኩ ይባላሉ፤ የጉባ ላፍቶ ደጋ ሰው፣ ቀጭን፣ ቁጡ፣ በመሥሪያ ቤታችን ከሁሉም የቆዩ መሐንዲስ ነበሩ። ወንዝ ልናጠና ስንሄድ መጀመሪያ የሚያደርጉት ጫማቸውን ማውለቅ ነው። ማሰሪያዎቹን ቋጥረው አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉና በባዶ እግራቸው አሸዋው ውስጥ ይገባሉ። አንዳንድ ቦታ ላይ ቁጭ ብለው አሸዋውን በእጃቸው ይጭራሉ። እኔ አዲስ ምሩቅ ነኝ፤ መለኪያ መሣሪያዬን ተሸክሜ «ሰውየው ምን ጠፍቷቸው ነው?» እላለሁ።

«ና እዚህ» አሉኝ አንድ ቀን። «ይህን ጠፍጣፋ ድንጋይ እየው። እንዴት ነው የተጋደመው?»

ድንጋዮቹ እንደ ቤት ክዳን ቆርቆሮ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው ወደ አንድ አቅጣጫ ተጋድመው ነበር።

«ጎርፍ ድንጋይ ሲያስተኛ እንዲህ አስተካክሎ ነው የሚያስተኛው። ራሱን ወደ ወረደበት ያዞረዋል። አሸዋው ይሸፍነዋል እንጂ አይለውጠውም። ድንጋዮቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ከተኙ ወንዙ መንገዱን ያውቃል ማለት ነው። እዚህ ወደ ቀኝ፣ እዚያ ወደ ግራ ተኝተው ካገኘሃቸው ግን ወንዙ ገና ቤት አልሠራም። ቤት ያልሠራ ወንዝ ላይ ድልድይ አትሥራ።»

ዩኒቨርሲቲ ይህን በሌላ ቋንቋና በብዙ ቀመር አስተምሮኝ ነበር፤ ጋሽ ምትኩም ቀመሩን ከእኔ የተሻለ ያውቁታል። ልዩነቱ እሳቸው ቀመሩን ከመንካታቸው በፊት ድንጋዩን መንካታቸው ነው። ከግራር ቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠለ የደረቀ ገለባ ካዩ ከመሬት ምን ያህል እንደሚርቅ ይለካሉ፤ ያለፈው ጎርፍ እዚያ ድረስ ደርሶ ነበርና። አሸዋ የጫነ መኪና ሲመጣ አንድ እፍኝ ዘግነው በመዳፋቸው ያሹታል። መዳፋቸው ላይ ጭቃ ከቀረ መኪናው ከነጭነቱ ይመለሳል። ሐራ ላይ አንድ ኮንትራክተር «ጋሼ፣ ትንሽ ጭቃ ምን ያደርጋል?» ቢላቸው «እንጀራህ ላይ ቢሆን ትበላው ነበር?» ብለው አፉን አስያዙት።

ከሁሉም በላይ የማልረሳው ግን ሰው የሚጠይቁበትን መንገድ ነው። የወንዙን ጥናት ሲጨርሱ በየቤቱ እየዞሩ የመንደሩን ሰው ለየብቻው ያናግራሉ። ጊዜ ይፈጃል። እኔ ደግሞ ወጣት ነኝ፣ እቸኩላለሁ።

«ጋሼ፣ ለምን በአንዴ ሰብስበን አንጠይቃቸውም?»

«ሰብስበህ ከጠየቅህ የምታገኘው ምርቃት ነው» አሉኝ። «ወሎ ውስጥ ነህ እኮ! በሰው ፊት እንግዳን ‹ተሳስተሃል› የሚል ሰው የት ታገኛለህ? አንዱ ሽማግሌ ‹መልካም ነው› ካለ ደግሞ ልጁ ተነሥቶ አባቱን ሊያርም ነው? ሰውየውን በግቢው አግኘው። እሱ በሬውን ሲያስር አንተ ገመዱን ያዝለት። ያኔ ውሃው የት የት እንደሄደ ይነግርሃል።»

ደረቅ ወንዝንም ያጠናነው አብረን ነው። ወንዙ ከኮረብታው ሲወጣ በሁለት ቋጥኞች መካከል የሚያልፍበት ቦታ አለ፤ ጠባቡ ይባላል። ድንጋዮቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን የተኙት እዚያ ነው፤ በግራና በቀኝም መሠረት የሚይዝ አለት አለ። ከጠባቡ ዝቅ ብሎ፣ አውራ ጎዳናው አጠገብ ትልቁ ዋርካ ያለበት ቦታ ግን ወንዙ ሜዳ ላይ ተዘርግቶ እንዳሻው ይዋልላል። እዚያ አሸዋውን ብንጭር ድንጋዮቹ በየአቅጣጫው ተኝተው አገኘናቸው። ጋሽ ምትኩ ሳቁ። «ይሄ ወንዝ እዚህ ጋ ሲደርስ የሰከረ ሰው ነው» አሉ። ዲዛይኑን ጠባቡ ላይ ሠራን፤ ፈረምን፤ አስገባን። ከዚያ ዓመት ዓመትን ወለደ። «የት ደረሰ?» ስል «በሂደት ላይ ነው» እባላለሁ። ጋሽ ምትኩ ጡረታ ወጥተው፣ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ድልድዩ በሂደት ላይ ነበር።

አንድ ሐምሌ ታናሽ እህቴ ዘሐራ ምጥ ያዛት። ማዶ ነው ያገባችው። በቃሬዛ ተሸክመዋት ወንዙ ዳር ሲደርሱ ውሃው ሞልቷል። እኔም ተደውሎልኝ ከወልድያ ከአምቡላንሱ ጋር መጥቼ በወዲህኛው ዳር ቆሜያለሁ። በመካከላችን ያለው ስፋት ሰው ተጣርቶ የሚሰማማበት ነው። የአምቡላንሱ መብራት ውሃው ላይ ይሽከረከራል፤ ቃሬዛው ይታየኛል፤ ወንዶቹ ጋቢያቸውን አውጥተው ከዝናቡ ሲከልሏት ይታየኛል። ውሃው እስኪጎድል ቆምን። ስንደርስ ሕፃኑ አልፎ ነበር። እሷ ተረፈች፤ አልሐምዱሊላህ። ሐኪም ቤት ተኝታ ዓይኗን ስትገልጥ ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«አያ ሰይድ፣ አንተ መሐንዲስ አይደለህ እንዴ?»

ዲዛይኑ ያለቀው ገና እሷ ሳታገባ ነው ልበላት?

ምርጫ ሲመጣ የአገሩ ሽማግሌዎች ቤቴ መጡ። ፊት የሆኑት ሸህ ይማም ናቸው። ሸሁ በአካባቢያችን ደም የተቃባን አስታርቀው ደም የሚያደርቁ፣ ዝናብ ሲጠፋ ዱአ የሚያስደርጉ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም ከፊታቸው ሲቀመጥ ድምፁን ዝቅ የሚያደርግላቸው አባት ናቸው። «ልጄ ሰይድ» አሉኝ፣ «እኛ ብንናገር በጉርብትና ነው። አንተ የባለ ሥልጣኖቹን ቋንቋ ታውቃለህ። ሂድና ድልድያችንን አምጣልን።» መሐንዲስነቴን ትቼ የሄድኩት ለዚህ ነው። ለሌላ አልነበረም፤ ማንም ሌላ ቢል ውሸት ነው።

ፓርላማ ውስጥ ወንበሩ ለስላሳ ነው። ማይክሮፎኑ ግን አጭር ጊዜ ነው የሚሰጠው። ተራ ደርሶኝ «ደረቅ ወንዝ ላይ ድልድይ የሚሠራው መቼ ነው?» ስል የሚመጣው መልስ የሚጀምረው «ለተነሣው ገንቢ አስተያየት እያመሰገንኩ» በሚል ነው። እኔ አስተያየት አልሰጠሁም፤ ጠየቅሁ እንጂ! ከዚያ ስለ አገሪቱ መንገዶች ጠቅላላ ርዝመት ይነገራል። መጨረሻ ላይ «የተጠቀሰውም ፕሮጀክት በሂደት ላይ ነው» ይባልና ወደ ቀጣዩ ጠያቂ ይታለፋል። አጠገቤ የሚቀመጥ አንድ ባልደረባዬ በጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ክቡር ሰይድ፣ ትንሽ ለስለስ አድርገው እንጂ፤ ለስላሳ ጥያቄ ነው የሚሰማው» ይለኛል። አንድ ጊዜ አለሰለስኩት። ለስላሳነቱ ተጨበጨበለት፤ ድልድዩ ግን የለም።

አልተውኳቸውም። በየኮሪደሩ፣ በየስብሰባው እረፍት፣ በሰው ሠርግ ላይ ሳይቀር ኃላፊዎቹን እየያዝኩ ስለ ደረቅ ወንዝ አወራሁ። «ድልድዩ መጣ» እያሉ ሲሸሹኝ አይቻለሁ። በስተመጨረሻ በጀት ተያዘ። ያን ቀን ዘሐራ ጋ ደውዬ ስነግራት እልል ስትል በስልኩ ውስጥ ጆሮዬን አደነቆረችው።

ከዚያ የመሠረት ድንጋይ የሚቀመጥበት ቀን መጣ። ከመርሳ በጠዋት ደርሼ ሳይ ድንኳኑ የተተከለው ዋርካው ሥር ነው። ምንጣፉ፣ የድምፅ ማጉያው፣ በጨርቅ የተሸፈነው ድንጋይ ሁሉም ዋርካው ሥር! ከመንገድ ሥራው መሥሪያ ቤት የመጡትን ኃላፊ ወደ ድንኳኑ ጀርባ ወሰድኳቸው።

«ክቡር ሆይ፣ ቦታው እዚህ አይደለም። ዲዛይኑ ጠባቡ ላይ ነው፤ ከዚህ በእግር ወደ ላይ ይኬዳል።»

«ጠባቡ ድረስ መኪና ይገባል?»

«አይገባም።»

«እንግዲያውስ እንግዶቹ እንዴት ይደርሳሉ? ኢንጂነር፣ ድንጋዩ ምልክት ነው፤ ለካሜራ ነው። ድልድዩ ባለሙያ ያለው ቦታ ላይ ይሠራል። አያስቡ።»

«እዚህ ሕዝብ ዘንድ ድንጋይ ለካሜራ አይቀመጥም» አልኳቸው ድምፄን ከፍ አድርጌ። «ዱአ ሊደረግበት ነው። ዱአ ከተደረገበት በኋላ ማን ያነሣዋል?» ሰዓታቸውን አዩና ትተውኝ ሄዱ። ወዲያው ማጉያው «አባቶቻችን ይመርቁልናል» ሲል ሰማሁ።

ሸህ ይማም ተነሡ። እጃቸውን ዘረጉ። ሕዝቡም እጁን ዘረጋ። «ያጽናልን» አሉ፤ «አሚን» አለ። «ለወላድ መሸጋገሪያ፣ ለተማሪ መዋያ፣ ለመንገደኛ መግቢያ ያርግልን» አሉ፤ «አሚን» አለ። የአጥቢያችን ቄስም ተነሥተው በመስቀላቸው ባረኩ። ካሜራው ይቀርጻል። ዘሐራ ከሴቶቹ መካከል ዓይኗን ጨፍና እጇን ወደ ሰማይ ከፍታ አየኋት።

የፈራሁት አልቀረም። ማሽኖቹ ሲመጡ የቆሙት ዋርካው ሥር ነው። ተቆጣጣሪውን ብጠይቀው «ዲዛይኑ ተሻሽሏል» አለኝ። ማን አሻሻለው? ለምን? ወደ ጠባቡ መዳረሻ መንገድ ማውጣት ስለሚያስቸግር፣ ድንጋዩም እዚህ ስለተቀመጠ፣ ሕዝቡም እዚህ ስለመረቀ። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ አሉ። በጎርፍም ይመለሳሉ።

ሕዝቡን ልሰብስብ አሰብኩና የጋሽ ምትኩ ነገር ትዝ አለኝ። የምክር ቤት ክራባቴን ፈትቼ ከተፍ አልኩ በየቤቱ። አንዱን በአውድማው፣ አንዱን በማንጎ ማሳው፣ አንዱን ከሶላት ሲመለስ መንገድ ላይ ያዝኩት። ያገኘሁት መልስ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሁሉም ያውቁ ነበር! አንዱ ወንዙ በአባቱ ጊዜ ከዋርካው በስተቀኝ ይሄድ እንደነበር፣ ሌላው በስተግራ ማሽላ ይዘራበት የነበረውን ቦታ ጎርፉ እንደበላው ነገረኝ። «ታዲያ ያን ቀን ለምን አልተናገርክም?» ስለው «ሸሁ እጃቸውን ዘርግተው ሳለ እኔ ምን ብዬ?» ይለኛል። ሁሉም መልሳቸው እሱው ነው።

በስተመጨረሻ ሸሁ ዘንድ ሄድኩ። ግቢያቸው ውስጥ ቁርበት ላይ ተቀምጠው ነበር።

«አባ ሸህ፣ አንቱስ ያውቁ ነበር?»

«እንዴት አላውቅም፣ ልጄ» አሉኝ። «እዚያ ዋርካ ሥር ልጅ ሆኜ ከብት ውሃ ወስዶብኛል።»

«ታዲያ ለምን መረቁ?»

«እንግዳው ድንጋዩን አስቀመጠው። ከሩቅ አገር መጥቶ፣ ድንኳን ተክሎ፣ ሰው ሰብስቦ። ‹ተሳስተሃል፣ አንሣው› ብዬ በሕዝብ ፊት ላዋርደው? እኛ እኮ እንግዳ ያስቀመጠውን አናነሣም። ያወቁ መስሎኝ ነበር። የተማሩ ናቸው ብዬ።»

እዚያው ተቀምጬ እጄን በእጄ መታሁ። በሸሁ አልተናደድኩም። ይሉኝታ የዚህ አገር ሰው ጌጥ ነው፤ እስላምና ክርስቲያን በአንድ ለቅሶ ቤት ተቃቅፎ የሚያለቅሰው በእሱ ነው። የተናደድኩት ይህን ጌጥ ወስደው «ስምምነት» ብለው በሚጽፉ ሰዎች ነው። ሰው ሲያከብርህ ተስማማ ማለት ነው እንዴ? ዝም ሲልህ ፈረመልህ ማለት ነው?

ሸሁ ግን እጃቸውን አጣምረው አልተቀመጡም። «ዱአ ከድንጋይ ጋር አይታሰርም» አሉና በሳምንቱ ሽማግሌዎቹን ይዘው፣ ቄሱም ተጨምረው፣ በአሸዋው መንገድ ጠባቡ ድረስ ወጡ። እዚያ እንደገና ዱአ ተደረገ። እንግዲህ ሕዝቡ ሐሳቡን በራሱ መንገድ ተናገረ አልኩ። ይህን ይዤ መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። ኃላፊው ወንበራቸውን ወደ ኋላ ለጠጥ አድርገው «ክቡርነትዎ፣ ሕዝቡን በልማት ላይ እያነሣሡ ነው የሚል ነገር ደርሶናል» አሉኝ። እኔ! ሸንጎ ተቀምጬ የለመንኩትን ድልድይ እኔ ልቃወም!

የቀረኝ ምክር ቤቱ ነበር። ተራዬን ጠብቄ ተነሣሁና ያለ ማለስለስ ተናገርኩ። ድልድዩ የሚሠራበት ቦታ ወንዙ የሚዋልልበት ሜዳ እንደሆነ፣ ድልድዩ ቢቆምም ውሃው በጎኑ እንደሚሄድ፣ ባለሙያ ሆኜ እየመሰከርኩ መሆኑን ነገርኳቸው። መልሱ ምን መሰላችሁ? «ኅብረተሰቡ በሙሉ ድምፅ ተስማምቶና መርቆ ያስጀመረው ሥራ ነው።» «ምርቃት ድምፅ አይደለም!» ብዬ ጮህኩ። ማይክሮፎኔ ግን ተዘግቷል። ጩኸቴን የሰማው አጠገቤ ያለው ባልደረባዬ ብቻ ነው፤ እሱም ልብሴን ጎትቶ አስቀመጠኝ። በሥራ ዘመኔ ብዙ ተሸንፌያለሁ። እንደዚያች ቀን ግን ተሸንፌ አላውቅም። የማውቀውን ነገር፣ እጄ የነካውን ነገር፣ ለማወቅ ከማይፈልግ ሰው ጆሮ ማድረስ አቃተኝ።

ድልድዩ ተሠራ። እውነቱን ለመናገር ኮንክሪቱ ጥሩ ነበር፤ ሄጄ አይቼዋለሁ፤ አሸዋውም ንጹሕ ነበር። ሪባን ሲቆረጥ አልሄድኩም። የመጀመሪያው ክረምት ቀላል ሆነና አለፈ። ኃላፊው በሰው ፊት «ኢንጂነር፣ አየህ?» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። በሁለተኛው ክረምት ወንዙ በአንድ ሌሊት ወደ ቀኝ ዞረ። የድልድዩን መዳረሻ አፈር ጠርጎ ወሰደና በጎን በኩል የራሱን መንገድ አወጣ። ጠዋት ስንደርስ ድልድዩ አንድም ጭረት ሳይኖርበት ደረቅ አሸዋ ላይ ቆሟል። ወንዙ ከእሱ አለፍ ብሎ ያገሳል። ማዶ ያለው ማዶ ቀረ።

ውሃው ጎደል ሲል ዘሐራ ተሻግራ መጣችና አጠገቤ ቆመች። ከዚያ ሁሉ በኋላ የወለደቻትን ሴት ልጇን አዝላለች።

«አያ ሰይድ፣ ድልድዩን እኛ አየነው» አለችኝ። «ወንዙ ግን አላየውም።»

ሳቅሁ፤ ከዚያ ፊቴን ከድልድዩ አዞርኩ።

በቀጣዩ ምርጫ ስሜ አልቀረበም። ማንም ምክንያቱን አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ዕድሜዬም ደርሶ ስለነበር ጡረታ ወጣሁ። ወልድያ ገብቼ ልረፍ ስል፣ ባለፈው በጋ መጨረሻ ላይ ከሸህ ይማም ዘንድ መልእክት መጣ። እንግዶቹ እንደገና እየመጡ ነው፤ ለተጨማሪ ድልድይ የመሠረት ድንጋይ ሊያስቀምጡ ነው። የት? ዋርካው ሥር። ወንዙ ወደ ዞረበት በኩል።

ሄድኩ። አሁን ክቡር አይደለሁምና ከኋላ፣ ከወጣቶቹ ጋር መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ድንኳኑ ያው ነው። በጨርቅ የተሸፈነው ድንጋይም ያንኑ ይመስላል። የቆመው ድልድይ ከኋላችን ሆኖ ጥላው አሸዋው ላይ ወድቋል፤ አንድም እንግዳ ዞር ብሎ አላየውም። ንግግር ተደረገ፤ ስለ ልማት፣ ስለ ሕዝብ ተሳትፎ ተወራ። ከዚያ ማጉያው «አባቶቻችን ይመርቁልናል» አለ።

ሸህ ይማም በዱላቸው ተደግፈው ተነሡ። ሕዝቡ እጁን ለመዘርጋት ተዘጋጀ። የሸሁ እጆች ግን ዱላው ላይ ቀሩ።

«እንግዶቻችን፣ እንኳን በደኅና መጣችሁ» አሉ። «ባለፈው ድንጋይ ስታስቀምጡ መረቅንላችሁ። እናንተን እንዳናሳፍር ብለን አላህ ፊት ያላመንበትን ነገር ለመንን። የእናንተን ፊት አየን እንጂ የልጆቻችንን ፊት አላየንም። አውፍ በሉን፣ ይቅር በሉን። ዛሬ እጄ አይነሣም። ድንጋዩን ይዛችሁ ወደ ጠባቡ ብትወጡ እኔም እየተንፏቀቅሁ እከተላችኋለሁ፤ እዚያ እንመርቃለን። እዚህ ግን፣ ወላሂ፣ አይሆንም።»

ተቀመጡ። መድረክ መሪው ተደናግጦ ወደ ቄሱ ዞረና «አባታችን፣ እርስዎ ይባርኩልን» አለ። ቄሱ መስቀላቸውን ወደ ደረት ኪሳቸው መለሱና «ሸሁ ያሉት ነው» አሉ። ሕዝቡ እጁን ጋቢው ውስጥ ከተተ። ያ ሁሉ ሰው፣ ወንዱም ሴቱም፣ እጁን ከተተ። ካሜራው የሚቀርጸው ነገር አጣ።

እንግዶቹ ድንጋዩን መኪናቸው ላይ መልሰው ጫኑት። አንደኛው ሲያልፍ አየኝና «ይህ ያንተ ሥራ ነው» አለኝ። ምነው በሆነ! የእኔ ሥራ ቢሆን ኖሮ ፓርላማ ተቀምጬ በጨረስኩት ነበር። ከዚያ ወዲህ መሬት የሚበሱ ባለሙያዎች ጠባቡ ላይ መጥተው አለቱን ሲፈትሹ ሰንብተዋል ይባላል። ዘሐራም በዓይኗ እንዳየቻቸው ነግራኛለች። እኔ ግን ከነልጇ ስትሻገርበት ሳላይ አላምንም፤ ማመን ካቆምኩ ቆይቻለሁ።

ያን ዕለት ሰው ሲበተን ሸሁ ዋርካው ሥር ብቻቸውን ቀሩ። ጀግንነታቸውን ላወድስ ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ዓይናቸው መኪናዎቹ በሄዱበት መንገድ ላይ ነበር።

«ሄዱ?» አሉኝ።

«ሄዱ፣ አባ ሸህ።»

«የተሠራላቸውን ምሳስ?»

«አልበሉም።»

«ውሃስ? ውሃ እንኳ ቀምሰው ሄዱ?»

«አልቀመሱም።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ያ ረቢ» አሉ፣ «በዚህ ዕድሜዬ እንግዳ በጥም ሸኘሁ።» እንባቸው በሽበታቸው መካከል ወረደ። ባለ ሥልጣኖቹን ለድልድዩ አንድ ቀን ይቅር እላቸው ይሆናል። ለዚህ ሽማግሌ እንባ ግን ይቅር አልላቸውም።